አሮጌ ፔንቲየም ላይ የገባ ባለጃምፐር ሞደም፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፋክስ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ደንበኛ ስላለኝ ዊንዶውስ 98 ያለበትን ፔንቲየሜን እስካሁን አልጣልኩትም። ለእሱ የገዛሁት ያገለገለ፣ አይኤስኤ በሚባለው የድሮ የካርድ ማስገቢያ ላይ የሚሰካ ባለ 56ኬ (በሰከንድ 56 ኪሎቢት) ፋክስ ሞደም ነው፤ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኝ ካርድ ማለት ነው። ከበጋ እስከ ክረምት ሠርቼበታለሁ።

ፍጥነቱን እርሱት። 56ኬ የሚገኘው ወዲያ ማዶ ያለው ኢንተርኔት ሰጪ በዲጂታል መስመር ከተገናኘ ብቻ ነው፤ ፋክስ ደግሞ እንደተለመደው በሰከንድ በ14,400 ቢት ይሄዳል። እኔን የማረከኝ ጃምፐሩ ነው፤ ካርዱ ላይ ያሉትን ፒኖች እያገናኘ በየትኛው ፖርት እንደሚሠራ የሚወስነው ትንሽ መሰኪያ።

አይአርኪው ማለት አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር ነው፤ ኮም የሚባሉት ደግሞ ሲሪያል ፖርቶች ናቸው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ኮም 1 እና ኮም 3 አይአርኪው 4ን፣ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ አይአርኪው 3ን ይጋራሉ። የእኔ ማውስ ኮም 1 ላይ የሚሰካው ዓይነት ነው። ካርዱ ደግሞ ኮም 3 ላይ እንደተደረገ ነበር የመጣው። ሞደሙ መደወል ሲጀምር ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ድርቅ ትላለች፤ ማውሱን ቢያንከባልሉት ወይ ፍንክች! ኮም 4ም አያዋጣም፤ የኔን ጨምሮ ኤስ3 ቺፕ ያላቸው ብዙ የቪዲዮ ካርዶች 2ኢ8 የሚባለውን አድራሻውን ይሻሙታል።

መፍትሔው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ የማዘርቦርዱን ሁለተኛ ሲሪያል ፖርት መዝጋት፣ ከዚያ ጃምፐሩን ኮም 2 እና አይአርኪው 3 ላይ ማድረግ ነው። እዚያው ባዮስ ውስጥ አይአርኪው 3ን ለሌጋሲ አይኤስኤ (ለድሮዎቹ ካርዶች) መድቡት፤ አለዚያ ከአይኤስኤ በኋላ በመጣው የፒሲአይ ማስገቢያ ላይ ያለ አንዱ ካርድ ቀድሞ ይወስደዋል። አይአርኪው 5 ባዶ መስሎ ቢታይም ለሳውንድ ካርድ ተዉለት። በመጨረሻ ኮንትሮል ፓነል ላይ ሞደምስ፣ ዳያግኖስቲክስ፣ ሞር ኢንፎ ስትሉ 16550 የሚል የፖርት ቺፕ ስም ካያችሁ ተገላገላችሁ። ቺፑ የሚመጣውን መረጃ እስከ 16 ባይት ድረስ ስለሚያቆይ ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ቢይዘውም ፋክሱ መሀል ላይ አይቋረጥም።

ዊንሞደም የሚባሉትን ግን፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አልመክርም። ሥራቸውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይጭኑታል፤ አሮጌ ፔንቲየም ደግሞ ለራሱም አልበቃ ብሎታል።

በክረምት ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛው መብረቅ ነው፤ በስልክ ሽቦ ገብቶ ሞደም ያቃጥላል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ የስልኩንም ገመድ እነቅላለሁ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞደሙ አልመልስ አለ፤ ዲቫይስ ማኔጀር ላይም ቢጫ ቃለ አጋኖ ወጣ። ካርዱ ምንም አልሆነም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ተመልሷል፤ የዘጋሁት ኮም 2 ተከፍቶ ከሞደሙ ጋር ይጋጫል። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ፖርቱን መልሼ ዘጋሁ፣ የጃምፐሩን አቀማመጥም በስክሪፕቶ የኮምፒውተሩ ሳጥን ክዳን ውስጥ ጻፍኩት።

ጩኸቱ ለሚያስመርረው ኤቲኤም0 የሚለው ትዕዛዝ ዝም ያሰኘዋል። አይኤስኤ ማስገቢያ የሌለው ማሽን ያላችሁ ደግሞ ከውጭ ኮም 2 ላይ የሚሰካ ሞደም ፈልጉ፤ የፖርቱን የራሱን አይአርኪው ስለሚጠቀም ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።