«ቤዝ አያስፈልግም» የተባለው ጂፒኤስ፦ ሁለት ሳምንት በጅማ

«ቤዝ መትከል ቀረ፣ ዘበኛ መቅጠር ቀረ፣ ሲም ካርድ አያስፈልግም፣ እርማቱ ከሳተላይት ይመጣል፣ በሁለት ሴንቲ ትሠራበታለህ።» መሣሪያውን ያከራየኝ ልጅ ያለኝ ይሄን ነው። ከአምስቱ አራቱ እውነት ናቸው። አምስተኛዋ ግን ሥራ የምታስበላ ናት።

ቅየሳ ውስጥ ለሌላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። አንዱ ምክንያት ሳተላይቱ ራሱ ነው፤ ሰዓቱ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ከተዛባ ርቀቱ 30 ሴንቲሜትር ይዛባል፣ ያለበት ቦታም በትክክል አይታወቅም። እኛ የለመድነው አርቲኬ የሚባል ዘዴ ይሄን የሚፈታው በሁለት መሣሪያ ነው። አንዱን፣ ቤዙን፣ የታወቀ ነጥብ ላይ ትተክላለህ፣ ሌላውን ይዘህ ትዞራለህ፣ ልዩነቱ በሬዲዮ ይመጣል። ሴንቲሜትር ውስጥ ያስገባሃል፣ ከቤዙ በራቅክ ቁጥር ግን ይከዳሃል። እኔ የተከራየሁት ደግሞ እርማቱን የሚያገኘው ከአውሮፓው ጋሊልዮ ሳተላይት ነው። አገልግሎቱ ሃስ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለዓለም ሁሉ በነፃ ይሰጣል። የሳተላይቶቹን የሰዓትና የምሕዋር ስህተት ይነግርሃል፣ የቀረውን መሣሪያህ ያሰላል። ባለቤቶቹ ያስቀመጡት ዒላማ አግድም 20፣ ከፍታ 40 ሴንቲሜትር ነው። ሁለት ሴንቲ ያለ አውሮፓዊ የለም። ያለው የጅማው ልጅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጅሬን ወጣሁ። ሰማዩ ክፍት ነው፣ እዚያም አምና በስታቲክ፣ ማለትም መሣሪያውን ሳላንቀሳቅስ፣ ብዙ ሰዓት ቆሜ ያወጣሁት የራሴ ነጥብ አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትሪፖዱን ተከልኩና አበራሁት። መጀመሪያ ሜትር ተኩል ሳተ። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ከ20 ሴንቲ በታች ለመግባት 12 ደቂቃ ፈጀበት፤ የአገልግሎቱ ወረቀት ላይ ያለው አምስት ነው፣ ግን አልተጣላሁትም። ከዚያ በኋላ በየሩብ ሰዓቱ እያየሁ መዘገብኩ፦ 9፣ 14፣ 11፣ 12 ሴንቲ። ከፍታው 30 አካባቢ ሲዋልል ዋለ። ሬዲዮ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ አንድ ዘንግና አንድ ሰው ብቻ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። (በነገራችን ላይ አፍሪካ ራሷ በዓመት ሁለት ሴንቲ ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትሄዳለች። ሁለት ሴንቲ ለሚሸጥ ሰው ይሄም ራስ ምታት ነው።)

በሦስተኛው ቀን ማና ወረዳ፣ የቡና ማሳ ውስጥ ገባሁ። እዚህ ነው ጉዱ። የማሳው ባለቤት ሃጂ ችካሉ አጠገብ ቆመው ያዩኛል። «ሃጂ፣ አምስት ደቂቃ ይታገሱኝ፣ እርማቱ እስኪመጣ ነው» አልኳቸው። «ከየት ነው የሚመጣው?» «ከሰማይ።» «ልጄ፣ ከሰማይ የሚመጣ ነገርማ አምስት ደቂቃ ተብሎ አይቀጠርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ዋንዛው ሥር 25 ደቂቃ ቆምን። ስክሪኑ ስህተቴ 0.18 ሜትር ነው ሲል መዘገብኩ። ማሳውን ዞሬ ተመልሼ ያንኑ ችካል ስለካው 90 ሴንቲሜትር ተለያየ። ስክሪኑ አሁንም 0.18 ይላል። ያ ቁጥር መሣሪያው ለራሱ የሚሰጠው ማርክ ነው። ቅጠል የጋረደውንና ከግንድ ነጥሮ የመጣውን ሲግናል ሁሉ አያውቅልህም። ስለዚህ ዛፍ ሥር ከሆናችሁ አንድን ነጥብ ሁለት ጊዜ፣ በመሃሉ ሰዓት አሳልፋችሁ፣ ሳትለኩ እንዳትሄዱ።

ሌላው የማታው ነገር ነው። ሥራ አመሸብኝና ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያውም ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሜ፣ 17 የነበረው ሳተላይት 8 ሆነ፣ እርማቱ ተቋረጠ፣ መሣሪያው እንደገና ከሜትር ስህተት ጀመረ። ተበላሸ ብዬ ነበር። አልተበላሸም። የመሬት መግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እዚህ አካባቢ አዮኖስፌሩ (ከላይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር) ይበጣጠስና ሲግናሉን ያርገበግበዋል፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። ሁለት ፍሪኩዌንሲ መቀበል ይሄ ንብርብር ቀን ላይ የሚያመጣውን ስህተት ያስወግዳል፣ የማታውን መርገብገብ ግን አያድንም። እኔ የሠራሁት መጋቢት ላይ ነበር፣ ዕድሌ።

ስለ አከራዩም ልናገር፣ ስሙን ትቼ። ባትሪው ጥሩ ነው፣ ሳጥኑ ንጹሕ ነው። ግን ከእኔ በፊት የተከራየው ሰው ሴቲንጉን አዲንዳን ላይ ትቶት ሄዷል፣ ማንም አላየውም። አዲንዳን የድሮ ካርታዎቻችን መነሻ ነው፣ ሳተላይቱ ከሚጠቀምበት ጋር እኛ አገር 200 ሜትር ገደማ ይለያያል። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን ካርታ ላይ ስጥለው የደምበኛዬ ቦታ ቦዬ ረግረግ ውስጥ ገባ። ለ20 ሴንቲ ብር ከፍዬ 200 ሜትር! መሣሪያ ሲመለስ ሴቲንጉን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ልከራየው ወይ ለምትሉኝ፦ ለቡና ማሳ አዎ። አውሮፓ ባወጣው ሕግ፣ ወደዚያ ለሚላክ ቡና የማሳው ኮኦርዲኔት ስድስት ዲጂት ከነጥብ በኋላ ይጠየቃል፣ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያው በሙሉ። ለዚያ ይሄ መሣሪያ ይተርፋል። ሁለት ጎረቤት ለሚጣላበት አጥር፣ ለፎቅ ኮለን፣ ለቦይ ተዳፋት ግን በፍጹም። ቤዝ መሣሪያችሁን ተሸከሙ። ስትከራዩም «ጋሊልዮ ይቀበላል» የሚለውን ብቻ አትመኑ፣ ኢ6 የሚባለውን የጋሊልዮ ፍሪኩዌንሲ ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ እርማቱ የሚመጣው በዚያ ነው፣ ብዙዎቹ የቆዩ መሣሪያዎች ደግሞ የላቸውም።

መሣሪያውን ለአከራዩ ስመልስለት ማስታወሻ ደብተሬን አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ ሁለትና ሃያ እኮ በዜሮ ብቻ ነው የሚለያዩት» አለኝ። በሩ ላይ የለጠፈው ወረቀት ዛሬም ሁለት ሴንቲ ይላል።