ጎባጣ መስመር እኩል ማካፈል ላቃተው የምጠቁመው ባለሙያ

ሰሞኑን አንድ የድራፍቲንግ (የንድፍ ሥራ) ባለሙያ ከኪሳራ አትርፎኛል። ስሜን እንዳትጠራ ስላለኝ አልጠራውም። ምስጋናውን ግን ማን ይከለክለኛል?

ሥራዬ ብረት ነው። የያዝኩት የበረንዳ ሀንድሬል (መደገፊያ) እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። ርዝመቱ 9 ሜትር ከ42፣ መስታወቱ 12፣ በየመሃሉ ቋሚ ብረት። ለ12 ሳካፍለው 78 ሴንቲሜትር ተኩል መጣ። አውቶካድ (የንድፍ መሣያ ፕሮግራም) ላይ ሬዲየሱ በዚያው ልክ የሆነ ክብ እየሳልኩ፣ ክቡ መስመሩን የሚቆርጥበትን እየያዝኩ ሄድኩ። መጨረሻዋ ክፍተት ከሌሎቹ በ6 ሴንቲሜትር ገደማ ጠበበች። ደገምኩት፣ ያው ነው። አመሸሁበት።

ደወልኩለትና ስክሪኔን አጋራሁት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «መስመሩ አንድ ወጥ ነው ወይስ ቁርጥራጭ?» ብሎ ነው። ሦስት ቁራጭ ነበር፣ በ«ጆይን» አያያዝነው። ከዚያ «ዲቫይድ» (አካፍል) የሚለውን ትእዛዝ አስጻፈኝ። መስመሩን መረጥኩ፣ 12 ብዬ ኢንተር መታሁ። ምንም የለም! «ወንድሜ፣ እምቢ አለ እኮ» ስለው ሳቀ። ነጥቦቹ ተቀምጠዋል፣ ግን ከማነሳቸው መስመሩ ውጧቸዋል። «ፒታይፕ» ከፍተን መልካቸውን ወደ ኤክስ ስንቀይር 11ዱም ብቅ አሉ። (ጫፎቹ ላይ ነጥብ አያደርግም፤ ቋሚው ግን ከሁለቱ ጫፎች ጋር 13 ነው፣ እንዳትሸወዱ።) መስመሩም አልተቆረጠም፣ ምልክት ብቻ ነው ያረፈበት።

በቃ አለቀ ብዬ ልዘጋ ስል «ቆይ፣ መስታወቱ ጎባጣ ነው ጠፍጣፋ?» አለኝ።

«ጠፍጣፋ።»

«እንግዲያው እንዳታስቆርጥ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቫይድ እኩል የሚያደርገው በጎባጣው ላይ ተጉዞ የሚለካውን ርዝመት ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ግን ከቋሚ ቋሚ በቀጥታ ነው የሚሄደው። ሬዲየሱ 6 ሜትር በሆነበት በኩል የሁለቱ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ሬዲየሱ 1 ሜትር በሆነበት ጠባብ መታጠፊያ ግን ቀጥታው 76 ሴንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው። 2 ሴንቲሜትር ተበላ ማለት ነው! ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ደግሞ አንዴ ተሠርቶ ከወጣ አይቆረጥም።

የሚገርመው፣ ለኔ ሥራ ትክክለኛው ያ ያመሸሁበት የክብ ዘዴ ነበር፤ ክብ የሚለካው በቀጥታ ነዋ። የሳትኩት ልኩን ነው። የክቡን ሬዲየስ ትንሽ ትንሽ እየቀነስን ሞከርን። 78 ላይ 12ኛው ክብ የመስመሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ሁሉም መስታወት አንድ ልክ!

ማውሱን አንዴም አልነካብኝም። እያንዳንዷን ነገር እኔው እንድሠራት ነው ያደረገኝ፣ ለዚህ ነው እስካሁን ያልጠፋኝ። መስታወቱም ትናንት ገባ፣ ሞረድ እንኳ አላነሳሁም።

አንድ ችግር አለው፣ ቀን ላይ ስልክ አያነሳም። ማታ ሞክሩት። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።