አባታችንን በክብር አሰናድተው ለሸኙልን የቀብር ቤት ሠራተኞች የቀረበ ምስጋና

አባታችን ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩን ጥቂት ሳምንታት ተቆጥረዋል። በአካል ተገኝታችሁም ሆነ በስልክ ደውላችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን በሐዘኑ መካከል ብዙዎቻችሁ ልብ ስላላላችኋቸው አራት ሰዎች ነው፤ እነሱም አባታችን በኖሩባት ትንሽ ከተማ የሚገኘው የቀብር ቤት ባለቤት የሆኑት አዛውንት፣ አስከሬን የምታሰናዳው ልጃቸው፣ ቢሮውን የሚመሩት ወይዘሮ እና የአስከሬን መኪናው ሾፌር ናቸው። እህቴና ወንድሜ በዚህ ምስጋና አብረውኝ ናቸው፤ ጽሑፉንም ከመለጠፌ በፊት አንብበውታል።

አባታችን ያረፉት በቤታቸው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሕመሙ የቆየባቸው ስለነበር ሐኪማቸው ምን ማድረግ እንዳለብን አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ይሁንና ሰዓቱ ሲደርስ የምንይዝ የምንጨብጠው ጠፋን። ሐኪሙን ከጠራን በኋላ ወደ ቀብር ቤቱ ስደውል ስልኩን ያነሱት አዛውንቱ ራሳቸው ነበሩ። ስለ ክፍያም ሆነ ስለ ሳጥን አንድም ቃል አልተነፈሱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ሐኪም መጥቶ እንደሆነ፣ ቀጥሎም ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ሰው እንዳለ ነው። ሐኪም ሕልፈታቸውን ሳያረጋግጥ አስከሬኑን ማንሳት እንደማይችሉ ነገሩኝና፣ “ከዚያ በኋላም ቢሆን የሚያስቸኩል ነገር የለም። አጠገባቸው መቀመጥ የምትፈልጉትን ያህል ተቀመጡ፤ ሲበቃችሁ ደውሉልኝ፣ እኔ ነቅቻለሁ” አሉኝ። እኛ የሞተ ሰው ወዲያውኑ ከቤት መውጣት ያለበት ይመስለን ነበር። ያን ቃል ባንሰማ ኖሮ እስከ ንጋት ድረስ ሦስታችን አልጋቸውን ከበን የተቀመጥንበትን ጊዜ ባላገኘነው ነበር።

ሲነጋ ሾፌሩና ልጅቱ መጡ። እኔ በማሰናዳቱ ጊዜ አብሬ ለመገኘት ጠየቅሁ። ልጅቱ አልከለከለችኝም፤ ነገር ግን ምን እንደማይ አንድ በአንድ ካስረዳችኝ በኋላ፣ በማንኛውም ሰዓት ብወጣ ማንም እንደማይታዘበኝ ነግራኝ አስገባችኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን በዓይኔ ያየሁት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ስለማያየው በዝርዝር መጻፉ ተገቢ መስሎኛል።

ጓንት ከማጥለቋ በፊት እጆቿን በሙቅ ውኃ ታጠበች። አባቴን በነጭ አንሶላ እንደሸፈነች፣ የምታጥበውን ክፍል ብቻ እየገለጠች፣ መልሳም እየሸፈነች ሠራች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ገላቸው አንድም ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተራቆተም። ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ታነጋግራቸው የነበረው ነገር ነው። “አባባ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው” ትላለች፤ ታዞራቸዋለች። “ፊትዎን ላብስልዎት” ትላለች፤ ታብሳለች። ለእኔ ስትል የምታደርገው መስሎኝ ነበር። ኋላ ሾፌሩን ስጠይቀው ግን ብቻዋን ስትሠራም እንደዚያው እንደምታደርግና ይህንንም ከአባቷ እንደተማረችው ነገረኝ።

ክንዳቸው ደርቆ ስለነበር ሸሚዝ ማልበስ የማይቻል መስሎኝ ተጨነቅሁ። እሷ ግን ነገሩን በእርጋታ አስረዳችኝ። ጡንቻ ለመላላት ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ሞት ሲደርስ ያ ጉልበት መመረት ስለሚያቆም ጡንቻው እንደተኮማተረ ይቀራል። ድርቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ከመንጋጋና ከአንገት ይጀምራል፤ በ12 ሰዓታት ገደማ መላ አካልን ይይዛል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በራሱ ይለቃል። ይህንን እየነገረችኝ ክርናቸውን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው የእጅ አንጓቸውን ይዛ፣ ልክ ሕመም እንደሚሰማው ሰው ቀስ እያደረገች አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ መልሳ አጠፈችው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ክንዱ ታዘዘላት። ሥራቸውን የማያውቁ ወይም የቸኮሉ ሰዎች ልብሱን ከጀርባው ቀድደው እንደሚያለብሱ ሰምቻለሁ፤ የአባቴ ሸሚዝ ግን አልተቀደደም፤ ቁልፎቹም እስከ አንገት ድረስ በሥርዓት ተቆልፈዋል።

ፀጉራቸውን ከማበጠሯ በፊት ፎቶግራፍ ጠየቀችኝ። በስልኬ ያለውን ሳሳያት፣ “ቅርብ ጊዜ የተነሱት ካለ ይሻላል፤ በየት በኩል እንደሚከፍሉት ማየት እፈልጋለሁ” አለች። አባታችን ፀጉራቸውን በግራ በኩል ከፍለው ያበጥሩ እንደነበር እኔ ልጃቸው እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ ብዬ አላውቅም። የእጅ ሰዓታቸውንም ፈትታ፣ መልኩንና በመስታወቱ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር በመዝገብ ላይ አስፍራ፣ እኔ ፊት ከፈረመች በኋላ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ።

ስለ ቤቱ ታሪክ የነገሩኝ አዛውንቱ ናቸው። በቢሮው ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ የእጅ መጋዝ ተሰቅሏል። የአያታቸው ነው። አያታቸው የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጺ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት ሳጥን የሚሠራ ሌላ ባለሙያ ስላልነበረ ሰዉ ወደሳቸው ይሄድ ነበር። ቀስ በቀስ ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን የሚሸከመውን ጋሪ፣ ለለቀስተኛ የሚሆነውን ወንበር፣ በመጨረሻም አስከሬኑን የማሰናዳቱን ኃላፊነት ተረከቡ። በብዙ አገሮች፣ በተለይም በትናንሽ ከተሞች፣ የቀብር ቤቶች የተወለዱት በዚህ መንገድ ነው፤ አናጺው፣ ሠረገላ አከራዩ ወይም የቤት ዕቃ ነጋዴው ነበር ወደ ቀብር አስፈጻሚነት የተሻገረው። አዛውንቱ ሳጥን መሥራት ከተዉ ቆይተዋል፤ ዛሬ ተሠርቶ የመጣውን ነው የሚያቀርቡት። ቢሆንም ሳጥን ሲረከቡ መገጣጠሚያውን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚፈትሹት አያታቸው እንዳስተማሯቸው ነው።

አስከሬኑ ቶሎ እንዳይፈርስ በመድኃኒት ይዘጋጅ ወይስ አይዘጋጅ በሚለው ጉዳይ ያደረግነውን ውይይት በሰፊው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ በማያውቀው ነገር ላይ በሐዘን ሰዓት የሚወስነው እዚህ ላይ ነውና። ወንድሜ “ያለዚያ አይሆንም” የሚል እምነት ነበረው። አዛውንቱ ግን ቀብሩ በሁለተኛው ቀን ስለሆነ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ማቀዝቀዣ ማቆየቱ እንደሚበቃና ገንዘባችንን ማባከን እንደሌለብን ነገሩን። ልማዱ ከየት እንደመጣም አጫወቱን። መድኃኒቱን በደም ሥር አስገብቶ አካልን ማቆየት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ሀንተርን በመሳሰሉ የአናቶሚ (የሰውነት አካላት ጥናት) ሊቃውንት ዘንድ ይሠራበት የነበረ ዘዴ ነው፤ ወደ ሰፊው ሕዝብ የወረደው ግን እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ከቤታቸው ርቀው የወደቁ ወታደሮችን አስከሬን ለቤተሰቦቻቸው መላክ ባስፈለገ ጊዜ ነበር። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1865 ሲገደሉ አስከሬናቸው በዚህ መንገድ ተዘጋጅቶ ከዋሽንግተን እስከ መኖሪያ ከተማቸው ስፕሪንግፊልድ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት በቀረው የባቡር ጉዞ በየከተማው ስለታየ፣ ሰዉ ስለ ዘዴው በሰፊው አወቀ። “የተፈጠረው ለሩቅ መንገድና ለረጅም ቆይታ ነው። አባታችሁ ሩቅ አይሄዱም” አሉን።

ልጃቸውም ሳትደብቅ አንድ ነገር ጨመረችልን። አስከሬን በመድኃኒት ሲዘጋጅ መፍረሱ ይዘገያል እንጂ ለዘለቄታው አይቆምም። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ኬሚካሎች ዋነኛው የሆነውን ፎርማልዴሃይድም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች መድቦታል። እሷ በመድኃኒቱ የምትሠራበት ክፍል ጠንካራ የአየር ማስወጫ የተገጠመለትና ጭምብል ሳይደረግ የማይገባበት የሆነው ለዚህ ነው። ይህችን ልጅ እያሰብኩ፣ እኛ ሳያስፈልገን የምናዘው ነገር በሠራተኛው ጤና ላይም ዋጋ እንዳለው የገባኝ ያን ዕለት ነበር።

ይህን ያህል ቅንነታቸውን የማደንቀው ተቃራኒውን ስለማውቅ ነው። ከዓመታት በፊት አክስታችን ሲያርፉ ሌላ ቦታ ያለ አንድ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት፣ ስሙን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም፣ አየር የማያስገባ ሳጥን አስከሬኑን ለዘላለም እንደሚጠብቅ ነግሮ እጅግ ውድ የሆነውን አስገዝቶናል። አየር ባያስገባም እንዲህ ያለ ሳጥን አስከሬንን ከመፍረስ አያድንም። የአክስታችን ልጆች ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ ከዕዳው ይልቅ የሚያንገበግባቸው ግን በእናታቸው ሐዘን ላይ መታለላቸው ነው።

እዚህ የገጠመን ከዚያ የተለየ ነበር። ቢሮውን የሚመሩት ወይዘሮ የእያንዳንዱን አገልግሎት ዋጋ ለየብቻ የጻፈ ወረቀት ሳንጠይቃቸው ሰጡን፤ በጣም ርካሹ ሳጥን በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። አሜሪካ ውስጥ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀብር ድርጅቶች ዋጋቸውን በዝርዝር ጽፈው እንዲሰጡ በመንግሥት ደንብ ይገደዳሉ፤ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ግን በየትም ብትሆኑ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ወይዘሮዋ የሞት የምስክር ወረቀቱን ከአንድ ቅጂ በላይ እንድናወጣ የመከሩን ምክርም ጠቅሞናል፤ ባንኩም፣ የጡረታ መሥሪያ ቤቱም፣ የመድን ድርጅቱም እያንዳንዳቸው ዋናውን ቅጂ ነው የጠየቁን።

ሾፌሩን ለብቻው ማመስገን አለብኝ። በጉዞው ላይ እህቴ ራሷን መቆጣጠር ሲያቅታት፣ ማንም ሳያዘው መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ከኋላ የተከተሉትም ቆሙ። እህቴ “እንሂድ” እስክትል ድረስ ሰዓቱን አልተመለከተም።

ጥቆማዬ የተሟላ እንዲሆን የሚጎድላቸውንም ልናገር። የመሰናበቻ አዳራሻቸው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሕዝብ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሌላ ቦታ ማዘጋጀት ይኖርበታል። መኪናቸው አንድ ብቻ ስለሆነም በአንድ ቀን ሁለት ቀብር ካጋጠመ የሰዓት መሸጋሸግ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር አስቀድመው ይናገራሉ። ከዚህ በቀር በሥራቸው ላይ እንከን አላገኘሁም።

አራቱም ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለለመኑኝ ቃላቸውን አክብሬያለሁ። በዚያ አካባቢ የታመመ ያላችሁ ወይም ሳይጨንቃችሁ አስቀድማችሁ መጠየቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። በሌሊትም ቢሆን ደውሉላቸው፤ አዛውንቱ ያነሳሉ።