የግቢያችንን ስታምፕድ ኮንክሪት ለሠሩልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው የመኪና መግቢያችንንና የበረንዳችንን ወለል በስታምፕድ ኮንክሪት (ገና ሳይደርቅ በማተሚያ ላስቲክ የድንጋይ መልክ በሚታተምበት ባለቀለም ኮንክሪት) ለሠሩልን ባለሙያና ለረዳቶቻቸው ምስጋናዬን በአደባባይ ለመግለጽ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለማሠራት ለሚያስቡ ሰዎችም እኚህን ባለሙያ በሙሉ ልብ ለመጠቆም ነው። የእጃቸው ሥራ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚታይ በመሆኑ ስለ ጥራቱ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። እኔን ከሁሉ በላይ ባለዕዳቸው ያደረገኝ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ቀለሙንና ንድፉን እንድንመርጥ የረዱበት ትዕግሥትና እውቀት ነው።

ባለሙያው የቀለም ካታሎጉን ከመክፈታቸው በፊት ግቢውን ዞረው ጣሪያውን፣ የአጥሩን ድንጋይና የግድግዳውን ቀለም ተመለከቱ። የግድግዳ ቀለም በየጊዜው ሊቀየር ስለሚችል፣ ወለሉ መስማማት ያለበት ለረጅም ዘመን ከማይለወጡት ከጣሪያውና ከድንጋዩ ጋር መሆኑን ሲያስረዱን የምርጫችን ግማሽ ያን ጊዜ ተጠናቀቀ ማለት ይቻላል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማና ጥቁር ቀለሞች በአብዛኛው ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩ በመሆናቸው ፀሐይን በሚገባ እንደሚቋቋሙ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ከሌሎች ማዕድናት ስለሚገኙ ዋጋቸው ከፍ እንደሚል፣ ተራው ግራጫ ሲሚንቶ ደግሞ ማንኛውንም ቀለም ስለሚያደበዝዝ ብሩህና ፈዛዛ ቀለም የሚፈልግ ሰው ነጭ ሲሚንቶ መጠቀም እንዳለበት በዝርዝር ነገሩን።

ቀለሙ ወደ ኮንክሪቱ የሚገባበትን መንገድም እንድንመርጥ አድርገዋል። አንደኛው ቀለሙን ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ ማቡካት ሲሆን፣ ጠርዙ ቢፈነከት እንኳ ውስጡ ተመሳሳይ ቀለም ስላለው ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም። ሁለተኛው ቀለም ያለውን ማጠንከሪያ ዱቄት ገና ባልደረቀው ኮንክሪት ላይ ነስንሶ ማሸት ነው፤ ይህ የላይኛውን ገጽ ጠንካራ ከማድረጉም በላይ ደመቅ ያለ ቀለም ይሰጣል። ለመኪና መግቢያው ሁለቱን አጣምረን እንድንጠቀም መከሩን። ከዚህ በላይ ደግሞ ማተሚያው ላስቲክ እንዳይጣበቅ የሚነሰነሰው ዱቄት ከመነሻው ቀለም ጠቆር ያለ እንዲሆን አደረጉ። ይህ ዱቄት ከታጠበ በኋላ በየስንጥቁና በየጎድጓዳው ውስጥ ጥቂት ስለሚቀር፣ ወለሉን የተፈጥሮ ድንጋይ የሚያስመስለው በዋናነት እርሱ ነው። በእኔ አስተያየት በአንድ ቀለም ብቻ የተሠራ ስታምፕድ ኮንክሪት ንድፉ ምንም ያህል ቢያምር ሕይወት ያንሰዋል።

ከሁሉም የማልረሳው ናሙናውን ነው። ባለሙያው ለእኛ ሥራ በተዘጋጀው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ቀለም አነስተኛ ናሙና ሞልተው ካተሙ በኋላ እስኪደርቅ እንድንጠብቅ አደረጉና ግማሹን ብቻ ሲለር የተባለውን የመከላከያ ቅብ ቀቡት። ሲለር ያልነካው ግማሽ አመድ የተቀላቀለበት ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ሲታይ፣ የተቀባው ግን ዝናብ ያባራበት ድንጋይ ይመስል ነበር። ኮንክሪት እርጥብ ሳለ የሚጠቁር፣ ሲደርቅ የሚፈዝ፣ ሲለር ሲቀባ ደግሞ መልሶ የሚጎላ በመሆኑ፣ ከወረቀት ላይ በታየ ቀለም ብቻ መወሰን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያን ጊዜ በዓይናችን አየን። ናሙናውን ጠዋት በጥላ፣ ቀትር ላይ በፀሐይ፣ አመሻሽ ላይም ከግድግዳው ሥር አስጠግተን ከተመለከትን በኋላ፣ ባለቤቴ የወደደችው ጠቆር ያለ ቀለም ለመግቢያው ሆነ፤ ጥቁር ወለል በፀሐይ ስለሚግል በባዶ እግር ለሚረገጠው በረንዳ ግን ፈካ ያለውን መረጥን።

በንድፉ ምርጫም እንዲሁ አልቸኮሉም። ትልልቅ የድንጋይ ቅርጽ በጠባብ ቦታ ላይ ሲታተም በየጠርዙ እየተቆረጠ ቅርጹ እንደሚጠፋ፣ ጥቃቅን ቅርጽ ደግሞ በሰፊ ቦታ ላይ ዓይን እንደሚያደክም አስረድተው፣ ለመግቢያው መጠናቸው የተለያየ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን የሚመስለውን ንድፍ አቀረቡልን። ለበረንዳው እኔ የኮብልስቶን ንድፍ አስቤ ነበር። እናቴ በምርኩዝ እንደሚሄዱ ሲያዩ ግን ጥልቅ መስመር ያለው ንድፍ ምርኩዝና የወንበር እግር እንደሚይዝ ገልጸው፣ መስመር የሌለውና ገጹ ብቻ ሻከር የሚለውን እንድንመርጥ ጠየቁን። ይህን ያሰቡልን ሳንጠይቃቸው ስለሆነ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ፈጽሞ አይሰነጠቅም ብለው ቃል አልገቡልንም፤ ይልቁንም ስንጥቁ በታሰበለት ቦታ እንዲወጣ የሚቆረጡት መስመሮች ከንድፉ መስመር ጋር እንዲገጥሙ አስቀድመው በወረቀት ላይ አስምረው አሳዩን።

በሙሌቱ ዕለት ረዳቶቻቸው ግድግዳውን በፕላስቲክ ሸፍነው፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ ጎን ለጎን እንዳይደገም ማተሚያዎቹን እያዟዟሩ በጥንቃቄ ሠርተዋል። ሥራ ለማቅለል ተብሎ ውሃ እንዳይጨመርም ባለሙያው ራሳቸው ቆመው ተቆጣጥረዋል፤ ትርፍ ውሃ ኮንክሪቱን ከማድከሙ በተጨማሪ ቀለሙን ከቦታ ቦታ ያዥጎረጉረዋልና።

ሲለር የተቀባ ወለል ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት፣ በመጨረሻው ቅብ ውስጥ መንሸራተትን የሚከላከል ደቃቅ ዱቄት ቀላቅለውልናል። ሲለሩ እንደ አጠቃቀሙ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ መታደስ እንዳለበትም ሥራውን ከመቀበላችን በፊት ነግረውናል። ይህን ወጪና እንክብካቤ ከወዲሁ ማወቅ ለማንኛውም አሠሪ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በፍጥነት ተሠርቶ እንዲያልቅለት ለሚፈልግ ሰው የእኚህ ባለሙያ የምርጫ ጊዜ ሊረዝምበት ይችላል። ወለሉ አንዴ ከደረቀ በኋላ ቀለሙንም ሆነ ንድፉን መለወጥ እጅግ ከባድ በመሆኑ ግን፣ እኔ ያ ጊዜ በሚገባ የዋለ ነው እላለሁ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ ሁሉ ፈቃዳቸውን ጠይቄ በግል እሰጣለሁ፤ ሥራውን በዓይኑ ማየት ለሚሻም ወለሉንም ሆነ ያስቀመጥነውን ናሙና በደስታ አሳያለሁ።