«525 እጥፍ ያጎላል» የሚል ቴሌስኮፕ ልትገዙ ከሆነ ቆም በሉ

ማታ ማታ ሰማይ ማየት የምትወዱ ሁሉ፣ እባካችሁ እኔ የተበላሁትን እንዳትበሉ።

ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አይቼ በ18,000 ብር ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ሻጩ «ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ከነክንፉ ታየዋለህ፤ የኛንም ሳተላይት ጭምር» ብሎኝ ነበር። ካርቶኑ ላይም በትልቁ «525 እጥፍ» ይላል። ከልጄ ጋር ሦስት ምሽት ግቢያችን ውስጥ ብርድ ላይ ቆመን ጠበቅን። ምንም አላየንም። ልጄ ዝም ብሎ ወደ ቤት ሲገባ አንጀቴን በላው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የገባኝ በኋላ ነው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት፣ 700 ሚሊ ሜትር ነው። በ4 ሚሊ ሜትሩ የዓይን ሌንስ ሲካፈል 175 ይሆናል። ባርሎው የምትባል 3 እጥፍ የምታጎላ ሌንስ ሲጨመርበት 525 ይሞላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ዕቃው ግን አይችለውም። ቴሌስኮፕ ጥርት አድርጎ የሚያጎላው ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የመስታወቱ ስፋት 2 እጥፍ ገደማ ነው። የኔው 76 ሚሊ ሜትር ነው። ከ150 ካለፈ ብዥታ ነው።

ጣቢያው ደግሞ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። አናታችን ላይ ሲደርስ በየሰከንዱ አንድ ዲግሪ ያህል ይጓዛል፤ ይህ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ሁለት እጥፍ ነው። በ525 ስታዩ የሚገባላችሁ የሰማይ ቁራጭ የአንድ ዲግሪ አንድ አስረኛ ብቻ ነው። ሽው ብሎ ያልፋል። ያ የቴሌስኮፑ ቀጭን እግርም ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። የኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1ማ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀች፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ናት። በዚህ ዕቃ አትታሰብም።

አራተኛው ምሽት ላይ ቴሌስኮፑን ቤት ትተን ወጣን። ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቢያው ብቅ አለ። እንደ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም አይልም፤ ደማቅ ኮከብ የሚሄድ ይመስላል። መሃል ሰማይ ላይ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ልጄ ጮኸ! የሚያልፍበትን ሰዓት ናሳ በነፃ ይናገራል፤ በየወሩ ብር ለሚቆርጥ አፕም አትክፈሉ።

ሻጩን ገንዘቤን ብጠይቀው «ዕቃው አልተበላሸም» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ለጨረቃ እንኳ በ35 እጥፍ ደህና ነው፤ የተሸጠልኝ ግን ለጨረቃ አልነበረም። የምትገዙ ከሆነ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ሳይሆን የመስታወቱን ስፋት ጠይቁ። ማታ አውጥታችሁ ሳትሞክሩትም ብር አታስተላልፉ።