የ20 ዙር የአኩፓንቸር ፓኬጅ በመጀመሪያው ቀን እንዳትገዙ

የወገብ፣ የጉልበት ወይም የራስ ሕመም አላስቀምጥ ብሏችሁ አኩፓንቸር (ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ በመትከል የሚሰጥ ሕክምና) ልትሞክሩ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በዚህ ሕክምና ሰው በብዛት የሚከስረው በክፍያ ውሉ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ በነጻ ይሰጣል። ምላስ ይታያል፣ የእጅ ደም ሥር ይዳሰሳል፣ ከዚያ «ችግሩ ሥር የሰደደ ነው፣ ቢያንስ 20 ዙር ያስፈልጋል» ይባላል። ቅናሹ ደግሞ የሚሠራው ዛሬ ለከፈለ ብቻ ነው። ሕመም እያንገበገበው ሒሳብ የሚሠራ ሰው ስለሌለ እዚሁ እንሥራው። የአንድ ዙር ዋጋ 100 ይሁን። 20 ዙር 2,000 ነው፤ 40 በመቶ ሲቀነስ 1,200 ይሆናል። ለውጥ አጥታችሁ በ6ኛው ዙር ብታቆሙና ገንዘቡ የማይመለስ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ዙር 200 ወጣበት ማለት ነው፤ የመደበኛው ዋጋ እጥፍ! «ቀሪው ይመለሳል» የሚሉትም ቢሆኑ የተጠቀማችሁበትን ብዙ ጊዜ በሙሉ ዋጋ ነው የሚያስቡት። ስለዚህ 12ኛውን ዙር ካላለፋችሁ ከቅናሹ ያገኛችሁት ነገር የለም። «በ3 ወር ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል» የሚል መስመርም በደቃቅ ፊደል ሊኖር ስለሚችል ፈልጉት።

ታዲያ ስንት ዙር ይበቃል? የአሜሪካው መንግሥታዊ የጤና መድን ሜዲኬር ከ2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ሕመም የሚሸፍነው በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ዙር ነው። ተጨማሪ 8 የሚፈቅደው መሻሻል ላሳየ ታካሚ ብቻ ሲሆን፣ መሻሻል ከሌለ ሕክምናው ይቆማል። ለሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የብሪታንያው ተቋም ናይስ ለከረመ የውጥረት ራስ ምታት ያስቀመጠው እስከ 10 ዙር፣ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ነው። ይኸው ተቋም በ2016 ለወገብ ሕመም አኩፓንቸር እንዳይሰጥ መክሯል። ትልልቆቹ ተቋማት እንኳ ባልተስማሙበት ጉዳይ «እርግጠኛ ሁን፣ ትድናለህ» የሚል ሰው ፊት ቦርሳችሁን አትክፈቱ። ስኳርን ወይም ካንሰርን አድናለሁ የሚል፣ ይባስ ብሎ መድኃኒት አቁሙ የሚል ካጋጠማችሁ ወዲያው ውጡ።

የሚሻለው በየዙሩ መክፈል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ሕመማችሁን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፤ ሕመሙ የከለከላችሁን አንድ ሥራም ጻፉ፦ ደረጃ መውጣት፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር። በ6ኛው ዙር ሁለቱንም አስተያዩ። ካልተለወጡ አቁሙ።

ባለሙያ ስታወዳድሩ የአንዱን ዙር ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ዋገምቱ፣ መርፌው ላይ የሚገናኘው ኤሌክትሪክና የዕፅዋት መድኃኒቱ ተጨምሮ 6 ዙር በጠቅላላ ስንት ይመጣል? ባለሙያው ራሱ ስንት ደቂቃ ከእናንተ ጋር ይቆያል? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ያክማል? መርፌው ተተክቶ 20 ወይም 30 ደቂቃ ብቻችሁን መተኛት የተለመደ ነው፤ ግን የምትጠሩበት ደወል ወይም የሚሰማችሁ ሰው መኖር አለበት።

የፈቃድ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ከሰጪው መሥሪያ ቤት አጣሩ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፍኬት አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም ላልሆነ የአኩፓንቸር ባለሙያ የመከረው ሙሉ ሥልጠና 2,500 ሰዓት ነው፤ አኩፓንቸርን በሥራው ላይ ለሚጨምር ሐኪም ደግሞ አጭሩ ሥልጠና ቢያንስ 200። የሁለት ቀን ኮርስ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

መርፌው ፊታችሁ ይከፈት። እሽጓ አንድ ወገኗ ወረቀት፣ ሌላው ፕላስቲክ ነው፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንና የባች (የምርት ዙር) ቁጥር ይታተምባታል። አንዳንዷ 5 ወይም 10 መርፌ ከአንድ ማስገቢያ ቱቦ ጋር ትይዛለች፤ ከእናንተ የተረፈው ለሚቀጥለው ታካሚ ከተቀመጠ ችግር አለ። አንዴ የተወጋ መርፌ ዳግመኛ ጥቅም ላይ ከዋለ ሄፓታይተስ ቢን (የጉበት በሽታ) ሊያስተላልፍ ይችላል። የተተከሉት ስንት እንደሆኑ ጠይቁ፣ ሲነቀሉም ይቆጠሩ፤ ፀጉር ውስጥና እግር ላይ የሚረሳ አለ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ልባቸው ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያላቸው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ፔስሜከር ላለው ሰው መርፌ ላይ ኤሌክትሪክ ማገናኘት አደገኛ ነው። ይህን ሳይጠይቅ የሚጀምር ባለሙያ ዘንድ አትቆዩ። ደረት፣ የላይኛው ጀርባና ትከሻ ላይ መርፌ ጠልቆ ከገባ ሳንባ ሊበሳ ይችላል። ትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ ከተሰማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አስቀድማችሁ ለከፈላችሁ፦ የተጠቀማችሁበትን ዙር በቀን ዘርዝሩ፣ ቀሪው እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልስ የሚሰጡበትንም ቀን ወስኑላቸው። በካርድ ከከፈላችሁ ሳትዘገዩ ለባንኩ አመልክቱ፤ የቅሬታ ጊዜው ገደብ አለው። «እናድናለን» ያሉበትን ማስታወቂያ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ አንሡና ከደረሰኙ ጋር ለፈቃድ ሰጪው አካል አቅርቡ።