«ትናንት ምን በላሽ?» ብላ ለጠየቀችኝ ባለሙያ ምስጋና

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አልተኛም ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

ጉዳዩ የሆዴ ነገር ነው። 3 ዓመት ሙሉ። እስከ ምሳ ደህና እውላለሁ፤ ከምሳ በኋላ ሆዴ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ይወጠራል። መጸዳጃ ቤት በአራት ቀን አንዴ ብሄድ ነው። ይሄን ለሰው መናገር ያሳፍራል። ቢሮ ከሰው ጋር ምሳ መብላት ሁሉ ተውኩ። ሆድ ድርቀት ሲባል ቀላል ይመስላል፣ የደረሰበት ያውቀዋል።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቄ ብገባ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ጨጓራ ነው» ብሎ ጽፎ ሸኘኝ። ሌላው ጋ አልትራሳውንድ፣ ደም፣ ሰገራ፣ ሁሉንም ካስመረመሩኝ በኋላ «ምንም የለብሽም» አሉኝ። ታዲያ ለምን ያመኛል ብል «ጭንቀት ነው»። ሌላ ቦታ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብሽ ተብዬ 14 ቀን መድኃኒት ዋጥኩ። መድኃኒቱ አያስፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም፣ እሱን ሐኪም ያውቃል። ግን ከዚያ ወዲህ ሆዴ ይብሱን ተበጠበጠ፤ ተመልሼ ስሄድ የሚሰማኝ አጣሁ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ዱቄት ነው። «አንጀት ያጸዳል» ብለው፣ ላዩ ላይ «ፕሪባዮቲክ» የሚል የተጻፈበት፣ ለልጄ ትምህርት ቤት ካስቀመጥኩት ብር ላይ አንስቼ። ሁለት ቀን አልጋ ላይ ጣለኝ። መልሼ ስጠይቃቸው «አንቺ አጠቃቀሙን ስላላወቅሽበት ነው»። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ «እባክሽ እዚያች ትንሽ ክሊኒክ ያለችውን የሥነ ምግብ ባለሙያ አናግሪያት» ብላ ለመነችኝ። ተስፋ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ ደም አይቼ እንደማውቅ፣ ክብደት ቀንሼ እንደሆነ፣ ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ነበር የምልክሽ» አለችኝ። ቀጥላ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ?» አለች። በ3 ዓመት ውስጥ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም! ጠዋት ዳቦ በሻይ። ምሳ ማካሮኒ። ማታ ሩዝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ምሳ ዕቃ አስከፈተችኝ፣ ያው ማካሮኒ ነው። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ክዳኑን መልሳ በእርጋታ ገጠመችውና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

የነገረችኝን በሙያው ቋንቋ ልድገመው ብል አልችልም። የገባኝ ይሄ ነው። ትልቁ አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱም ቀለብ ይፈልጋሉ። ዳቦውና ማካሮኒው እነሱ ጋ ሳይደርስ ላይ ላይ አብዛኛው ያልቃል። እኛ መፍጨት የማንችለው ፋይበር ግን እስከ ታች ይደርስላቸዋል፣ ፕሪባዮቲክ የሚባለው ይሄ ቀለብ ነው። እርጎ ባክቴሪያውን ራሱን ይዞ ይመጣል፣ ይሄኛው ያሉትን ነው የሚመግበው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር እንደሚመክርም ነገረችኝ። የእኔ ማካሮኒ የት ይደርሳል!

«ያ የገዛሽው ዱቄት ውስጥ አለ የሚሉትን ከጓዳሽ ታገኚዋለሽ» አለችኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ ንፍሮ፣ በጣም ያልበሰለ ሙዝ፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች፣ ገብስ። ገብስ ስትል ደነገጥኩ። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፣ በየዓመቱ በሶ ትልክልኛለች። ጣሳው ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ ከርሟል። ይሄን ስነግራት «እስኪ ደውይላቸው» አለችና ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ። «እናቴ፣ እንደምን አሉ? ልጅዎ እኔ ጋ ናት፣ አይደንግጡ» ብላ በሶው እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ገብሱ ምን ያህል እንደተቆላ ስትጠይቃት እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። እኔ እዚያው ወንበር ላይ እንባዬ መጣ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትለምነኝ የኖረችውን ነው እኮ አሁን ባለሙያ የምትነግረኝ።

ቀስ ብለሽ ጀምሪ፣ በቀን ሁለት ማንኪያ በሶ ይበቃል፣ ውሃ አብዢ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቸኮልኩ። በአራተኛው ቀን አንድ ሳህን ንፍሮ በላሁና ሆዴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እያለቀስኩ ደወልኩላት። አነሳች። «አይዞሽ፣ ስንት በላሽ?» አለችኝ፣ ነገርኳት። «ለዓመታት ተርበው የኖሩትን በአንዴ አትደግሺላቸው» ብላ ሞቅ ያለ ውሃ እንድጠጣ፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንድል፣ ከነገ ጀምሮ ግማሹን እንድቀንስ ነገረችኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች፤ «እንዴት አደርሽ?» ልትለኝ። ያን ሁሉ ብር ከከፈልኩባቸው ቦታዎች አንድ ቀን እንዲህ ብሎ የደወለልኝ የለም። አንድም ቀን!

በሦስተኛው ሳምንት ለውጡ ታወቀኝ። አሁን ጠዋት በሶ ወይም ቂንጬ፣ ምሳ ሽሮ ወይም ምስር። ሆዴ ቀሎኛል፣ መጸዳጃ ቤት ሳልጨነቅ እሄዳለሁ፣ ቢሮ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአክስቴን ልጅ ላክኳት፣ እሷም ሆዷ ይነፋል። እሷን ግን ነጭና ቀይ ሽንኩርት ለጊዜው እንድትቀንስ ነው ያለቻት፣ ለአንዳንድ ሰው ሆድ ያስነሳል አለች። ለሁሉም አንድ ወረቀት የምታድል ሰው አይደለችም። ስለዚህ የእኔን ዝርዝር ዝም ብላችሁ አትቅዱ። ሂዱና አናግሯት። በእውነት ሂዱ!

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ስትሄዱ ምሳ ዕቃችሁን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ታስከፍታችኋለች።